ሻንጣው ከመሄዱ በፊት፦ ውጭ አገር ስትገዙ የከፈላችሁትን ቫት ማስመለስ

ጉምሩኩ ትዝ ያለኝ ሻንጣዬ ተመዝኖ፣ በመንሸራተቻው ተጭኖ ከላስቲኩ መጋረጃ ጀርባ ሲሰወር ነው። እጄ ላይ ሦስት የታክስ ፍሪ ፎርሞች አሉ። ካፖርቱ፣ ጫማውና ቦርሳው ግን ሻንጣው ውስጥ ናቸው። ወደ ጉምሩክ መስኮት በሩጫ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ፎርሞቹን አገላበጠችና "ዕቃው የታለ?" አለችኝ። ሻንጣው ገብቷል አልኳት። ፎርሞቹን በመስታወቱ ሥር ገፋ አድርጋ መለሰችልኝና ቀጣዩን ተሰላፊ ጠራች።

ያን ቀን የቀረብኝ ከ90 ዩሮ በላይ ነው። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው፤ በስብሰባ ምክንያት ከአገር አገር ስለምዞር ከዚያ ወዲህ ይህን ጣጣ ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኪሳራ ደርሶብኛል፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ። ከዚህ ሁሉ የታዘብኩት፣ ገንዘቡ የሚጠፋው ሱቅ ውስጥ አለመሆኑን ነው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ፈገግ ይልላችኋል። ገንዘቡ የሚጠፋው በመጨረሻው ቀን አየር ማረፊያ ላይ፣ የትኛውን ሰልፍ ማስቀደም እንዳለበት ባላወቀ ሰው እጅ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሚመለሰው ምኑ ነው?

ሁለት ስሞች አይምታቱባችሁ። ዲዩቲ ፍሪ የሚባለው አየር ማረፊያ ውስጥ፣ ከፍተሻ በኋላ ያለው ሱቅ ነው፤ እዚያ ዋጋው ሲጀመርም ታክስና ቀረጥ የለበትም፣ ስለዚህ የምትጠይቁት ተመላሽ የለም። ታክስ ፍሪ የሚባለው ከተማ ውስጥ ካለ ተራ ሱቅ ታክሱን ከፍላችሁ ገዝታችሁ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ከአገር ስትወጡ የምታስመልሱት ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ቫት (አንዳንድ አገር ጂኤስቲ ይሉታል) የሚጣለው በዚያ አገር ውስጥ በሚበላ፣ በሚለበስ፣ በሚያገለግል ነገር ላይ ነው። ዕቃው ድንበር ተሻግሮ ከወጣ እንደ ኤክስፖርት ይቆጠራል፤ ኤክስፖርት ደግሞ ይህ ታክስ የለበትም። ይህችን ከያዛችሁ የቀረውን ሕግ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። የሆቴል፣ የምግብ ቤት፣ የታክሲ፣ የሙዚየም ሒሳብ የማይመለሰው እዚያው ተጠቅማችሁ ስለጨረሳችሁት ነው። ጉምሩክ ዕቃውን ካላየሁ የሚለው መውጣቱን የሚመሰክረው እሱ ስለሆነ ነው። ጫማውን አድርጋችሁ ሳምንት ሙሉ ከዞራችሁበት በኋላ ብታቀርቡት ፊቱን የሚያጠቁርባችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከነመለያው፣ ከተቻለም ከነማሸጊያው አቆዩት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነውና። የፈረንሳይ ቫት 20 በመቶ ነው ሲባል፣ "600 ዩሮ ከገዛሁ 120 ይመለስልኛል" ብሎ የሚያስብ አለ። መለያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ታክሱን ውጦ የያዘ ነው፤ 500 ዩሮ የዕቃው፣ 100 ዩሮ የታክሱ። ከዚህ 100 ላይ ደግሞ መሐል የሚገባው ድርጅት ኮሚሽኑን ይቆርጣል። ሱቆቹ ተመላሹን ራሳቸው አያስተናግዱም፤ እንደ ግሎባል ብሉና ፕላኔት ላሉ ድርጅቶች ይሰጡታል። ፈረንሳይ ውስጥ በተለምዶ እጃችሁ የሚገባው ከመለያው ዋጋ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ600 ዩሮ 72 አካባቢ ማለት ነው። አውስትራሊያ ግን ከዚህ ትለያለች። መሐል ላይ የሚቆም ድርጅት የለም፤ መንግሥት ራሱ ይመልሳል። ታክሱ 10 በመቶ ስለሆነ ከከፈላችሁት አንድ አሥራ አንደኛው ይመለስላችኋል፤ ከ330 ዶላር 30 ዶላር።

ለእናንተ ይገባችኋል?

እዚህ ላይ የሚታየው የፓስፖርቱ ቀለም ሳይሆን ቋሚ መኖሪያችሁ ነው፤ ቢያንስ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንደዚያ ነው። ከኅብረቱ ውጭ የምትኖሩ ከሆነ ይገባችኋል። ፓስፖርታችሁ የየትም አገር ይሁን፣ ጀርመን ወይም ጣሊያን በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩ ከሆነ ግን ጎረቤት አገር ፓሪስ ሄዳችሁ ብትገዙም አይገባችሁም። ሱቅ ውስጥ ፓስፖርት ብቻ አይተው ፎርሙን ሊሞሉላችሁ ይችላሉ፤ ጉምሩክ ላይ የመኖሪያ ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ውስጥ ሲወጣ ነው ነገር የሚበላሸው። በተቃራኒው የአውሮፓ ፓስፖርት ይዞ ሌላ አህጉር የሚኖር ሰው፣ እዚያ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ካቀረበ ማስመለስ ይችላል። አውስትራሊያ ደግሞ የራሷንም ዜጎች አትከለክልም።

የማይመልሱትን አገሮች ቀድሞ ማወቅ ደግሞ ከብዙ ንዝንዝ ያድናል። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ይህን አሠራር ዘግተውታል፤ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ብቻ ነው የቀረው። ለንደን ላይ ያለው አንድ መላ ሱቁ ራሱ ዕቃውን ከአገር ውጭ ወዳለው አድራሻችሁ እንዲልክላችሁ ማድረግ ነው፤ የመላኪያውን ሒሳብ ስታስቡት ግን ውድ ዕቃ ካልሆነ አያዋጣም። ካናዳ ለጎብኚዎች ትመልስ የነበረውን በ2007 አቁማለች። አሜሪካ ደግሞ ሲጀመርም ቫት የላትም፤ ያለው የየክፍለ ግዛቱ የሽያጭ ታክስ ነው፣ የፌዴራሉ መንግሥት እሱን አይመልስም። ቴክሳስ ውስጥ ለውጭ ጎብኚ የሚያስመልሱ የግል ድርጅቶች አሉ። አለበለዚያ እንደ ኦሬገንና ዴላዌር ያሉ፣ ከመነሻው የሽያጭ ታክስ የሌላቸው ክፍለ ግዛቶች ውስጥ መግዛት ነው።

ሱቅ ውስጥ

ጥያቄው መቅደም አለበት፤ ከከፈላችሁ በኋላ ሳይሆን ከመክፈላችሁ በፊት "ታክስ ፍሪ ትሠራላችሁ?" በሉ። ሱቆች አይገደዱም፤ በሩ ላይ ምልክቱ ያለበት ሁሉ እንኳ ፎርሙን የሚያወጣው ሠራተኛ ምሳ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርቱ እጃችሁ ላይ ይኑር። ፎቶውን በስልክ አይተው የሚሞሉ አሉ፣ የማይቀበሉም አሉ፤ ሆቴል ተመልሶ መምጣት ከተመላሹ በላይ ያደክማል።

ከዚያ ተመላሽ ለመጠየቅ የሚያበቃ ዝቅተኛ የግዢ መጠን አለ። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለአገሮቹ ጣሪያውን 175 ዩሮ አድርጎ ከዚያ በታች እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አገር የራሱ አለው። ፈረንሳይ ከ100 ዩሮ በላይ፣ ጀርመን ከ50 ዩሮ በላይ ትላለች። ጣሊያን ለረጅም ጊዜ 154.95 ዩሮ ነበረች፣ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ 70 ዩሮ አውርዳዋለች። ስፔን ከ2018 ወዲህ ምንም ዝቅተኛ መጠን የላትም። ታይላንድ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ 2,000 ባት፣ ሲንጋፖር 100 የሲንጋፖር ዶላር፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 250 ድርሃም፣ አውስትራሊያ ከአንድ ነጋዴ 300 የአውስትራሊያ ዶላር።

"ከአንድ ሱቅ" የምትለዋን አትለፏት። እዚህ 40 እዚያ 60 ዩሮ እየበተኑ ከመግዛት፣ የምትፈልጉትን ሁሉ የሚሸጥ አንድ ትልቅ መደብር ገብታችሁ በአንድ ደረሰኝ ብትጨርሱ ይሻላል። ሲንጋፖር ላይ የአንድ ሱቅ እስከ ሦስት የሚደርሱ የአንድ ቀን ደረሰኞች ይደመሩላችኋል፤ ፈረንሳይ ላይ ከአንድ ሱቅ በሦስት ቀን ውስጥ የገዛችሁት ይደመራል። አውስትራሊያ ከዚህ ሁሉ ለቀቅ ትላለች፤ በ60 ቀን ውስጥ ከዚያው ነጋዴ የገዛችሁት ተደምሮ 300 ከሞላ ይበቃል፣ ሱቅ ውስጥም ምንም ፎርም አይሞላም። ትክክለኛው የታክስ ደረሰኝ ብቻ ይያዝ፤ ዕቃው 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ደረሰኙ ላይ ስማችሁ እንዲጻፍ አድርጉ።

ፎርሙን ሲሰጧችሁ ቆማችሁ አንብቡት። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መጻፉን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን፣ የመኖሪያ አገሩን። አንዴ ካሸሯ አድራሻዬን ስትጠይቀኝ የሆቴሉን ነገርኳት፤ ያረፍኩበትን የጠየቀችኝ መስሎኝ። በዚያው አገር አድራሻ የተሞላ ፎርም "እዚህ ነዋሪ ነኝ" ብሎ የሚመሰክር ወረቀት ነው። ደግነቱ ከበሩ ሳልወጣ አየሁትና ተቀደደ።

ቀኑንም ቁጠሩ። በአውሮፓ ኅብረት ዕቃው መውጣት ያለበት ከተገዛበት ወር ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ ወር ከማለቁ በፊት ነው፤ ማርች 10 የገዛችሁት እስከ ጁን 30 ድረስ ጊዜ አለው። ታይላንድና አውስትራሊያ 60 ቀን፣ ሲንጋፖር ሁለት ወር፣ ኤምሬቶች 90 ቀን ይሰጣሉ።

የመጨረሻው ቀን

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጉምሩክ፣ ከዚያ ሻንጣ ማስረከብ፣ ከዚያ ፍተሻና ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ ገንዘብ። አየር መንገዱ ጋ መጀመሪያ ሄዳችሁ ቦርዲንግ ፓስ ልትቀበሉ ትችላላችሁ፤ አንዳንድ ቦታ ጉምሩክ ራሱ እሱን ይጠይቃል። ግን ሻንጣው ከእጃችሁ አይውጣ። ለሠራተኛው "ጉምሩክ የማሳየው ዕቃ አለብኝ" በሉት። ታጉን ለጥፎ ሻንጣውን ይመልስላችኋል፤ ይዛችሁት ጉምሩክ ትሄዳላችሁ፣ ማህተሙ ካረፈ በኋላ እዚያው ወይም ተመልሳችሁ ታስረክባላችሁ። እኔ አሁን የተገዛውን ሁሉ ከላይ፣ ዚፑ ሲከፈት በሚታይበት ቦታ ነው የማስቀምጠው። ከካልሲና ከሸሚዝ ሥር እየፈነቀሉ ሰልፍ ማስቆም አሳፋሪ ነው፤ አይቼዋለሁ፣ አድርጌዋለሁም።

በእጅ ለምትይዙት ዕቃ ብዙ ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ከፍተሻ በኋላ ሌላ የጉምሩክ መስኮት አላቸው። ሁሉም ቦታ የለም፤ ስለዚህ ተጠራጠሩና በመጀመሪያው ጨርሱት። አውስትራሊያ ግን በተቃራኒው ነው፦ ተመላሹ የሚጠየቀው ከኢሚግሬሽን በኋላ ሲሆን ዕቃውን በእጅ ይዛችሁ ወይም ለብሳችሁ መቅረብ አለባችሁ። በእጅ የማይገባ ትልቅ ዕቃ ወይም ፈሳሽ ከሆነ ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት ለድንበር ሠራተኞች ታሳያላችሁ። አውሮፕላኑ ሊነሳ 30 ደቂቃ ሲቀረው ጥያቄ መቀበል ያቆማሉ።

በማሽን የሚሠራባቸው አገሮች ሥራውን አቅልለውታል። ፈረንሳይ ውስጥ ፓብሎ የሚባል ኪዮስክ አለ፤ ፎርሙ ላይ ያለውን ባርኮድ ታስነብቡትና አረንጓዴ ከበራ ጨረሳችሁ፣ ማህተም አያስፈልግም። ቀይ ከሆነ ወይም ወደ ሠራተኛ ሂዱ ካላችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የስፔኑ ዲቫ ይባላል። ሲንጋፖር ላይ ግዢው ሱቁ ውስጥ ከፓስፖርታችሁ ጋር ስለሚያያዝ ኪዮስኩ ላይ ፓስፖርቱን ማስነበብ ነው። ኪዮስኩ አለ ማለት ግን ዕቃውን ማሳየት ቀረ ማለት አይደለም፤ ማሽኑ መርጦ ፈትሹት ሊል ስለሚችል አረንጓዴውን ሳታዩ ሻንጣ አታስረክቡ። አረንጓዴው ሲበራ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት።

ትራንዚት ያለው ሰው ጥያቄው ይበዛል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አንድ ግቢ ነው፤ ማህተሙ የሚመታው ከግቢው የመጨረሻው በር ላይ ነው። ከሮም ተነስታችሁ በፍራንክፈርት አልፋችሁ ወደ ሌላ አህጉር ብትሄዱ፣ በእጃችሁ ያለው ዕቃ ፍራንክፈርት ላይ ይታያል። እስከ መድረሻችሁ የተለጠፈው ሻንጣ ግን ፍራንክፈርት ላይ ስለማታገኙት፣ ውስጡ ያለው ሮም ላይ ማህተም ማግኘት አለበት። እኔ ይህን ላለማሰብ ስል ሁሉንም በአንድ ሻንጣ ጠቅልዬ በመነሻው አየር ማረፊያ እጨርሳለሁ።

ሌላው ወጥመድ ኅብረቱንና ሼንገንን፣ ማለትም እርስ በርስ ያለ ፓስፖርት ፍተሻ የሚያዘዋውሩትን አገሮች፣ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ ሼንገን ውስጥ ናቸው፣ የፓስፖርት ፍተሻ ላይኖር ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት አባል ግን አይደሉም። ከሚላኖ በባቡር ወደ ዙሪክ የሚሄድ ሰው የጣሊያን ዕቃውን ከኅብረቱ ያወጣው ድንበሩን ሲያልፍ ነው፤ ዙሪክ አየር ማረፊያ ላይ የጣሊያን ፎርም ቢያቀርብ የሚሰማው የለም። አየርላንድ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው፦ ሼንገን ውስጥ የለችም፣ ኅብረቱ ውስጥ ግን አለች፤ ከፓሪስ ደብሊን መሄድ መውጣት አይደለም። ከፓሪስ ለንደን መሄድ ግን ከ2021 ወዲህ መውጣት ነው።

ገንዘቡን መቀበል

ማህተም ያለበት ፎርም ገና ገንዘብ አይደለም። ፎርሙ ላይ የድርጅቱን ስም እዩና ወደ እሱ ባንኮኒ ሂዱ። ጥሬ ገንዘብ ከጠየቃችሁ ብዙ ቦታ ለጥሬ ገንዘቡ ብቻ በየፎርሙ ሌላ ክፍያ ይቆረጣል፤ በዩሮ የገዛችሁትን በሌላ ገንዘብ ልስጣችሁ ካሉ ደግሞ ምንዛሪው የእነሱ ነው። ዩሮውን ዩሮ አድርጋችሁ ተቀበሉ። በካርድ ከሆነ ሳምንታት ይወስዳል እንጂ የሚቆረጠው ይቀንሳል። እኔ ካርድ እመርጣለሁ፤ የጥሬ ገንዘቡ ሰልፍ ከመሳፈሪያው በር ጋር ሲያሽቀዳድም ልቤ አይችልም። ፎርሙን በፖስታው አሽጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት። ቁጥሩን በድርጅቱ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የደረሰበትን ትከታተላላችሁ፤ ከጠፋም የምትከራከሩበት እሱ ፎቶ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኪሳራዬ እዚህ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ፣ ገና ሳትወጡ ተመላሹን በጥሬ ገንዘብ የሚሰጡ ቢሮዎች አሉ። አንዱ ጋ ገባሁ፣ የካርዴን ቁጥር መያዣ ብለው ወሰዱ፣ ወዲያው ቆጥረው ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ የቀረውን ረሳሁት። ያ ብር ብድር ነው፦ በተባለው ቀን ውስጥ ማህተም ያለበት ፎርም ካልደረሳቸው መልሰው ከካርዱ ይወስዱታል። ማህተሙን አስመትቼ ፎርሙን ግን በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤው ሄድኩ። ከሳምንታት በኋላ የባንክ መግለጫዬን ሳይ የሰጡኝን በሙሉ ከነቅጣቱ ወስደዋል። ፎርሙ ኪሴ ውስጥ ተጣጥፎ፣ ማህተሙም ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

ጃፓን ስለምትለይ ለብቻዋ ላንሳት። እዚያ ለረጅም ጊዜ የነበረው አሠራር 10 በመቶው ታክስ ሱቁ ውስጥ ፓስፖርት ታይቶ ወዲያው እንዲቀነስ ነው። ከኖቬምበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግን ታክሱን ከፍሎ፣ በ90 ቀን ውስጥ ሲወጡ ጉምሩክ ካረጋገጠ በኋላ ማስመለስ ሆኗል የሕጉ ቃል። ዝቅተኛው መጠን ከታክስ በፊት 5,000 የን እንደሆነ ይቀጥላል። የድሮውን የሚነግራችሁ ወዳጅ ካለ፣ ጉዞው በየትኛው ቀን እንደነበር ጠይቁት።

የተመለሰላችሁ የገዛችሁበት አገር ታክስ ብቻ መሆኑንም አትርሱ። የምትገቡበት አገር ጉምሩክ የራሱ የነጻ መጠን አለው፤ ከዚያ ካለፈ ቀረጡን ይጠይቃል፣ የታክስ ፍሪ ፎርሙም ዋጋውን በግልጽ የሚናገር ወረቀት ነው።

ማህተሙን ሳታገኙ ወጥታችሁ ከሆነስ? አብዛኛውን ጊዜ አብቅቷል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ፈረንሳይ ዕቃው በተገዛ በስድስት ወር ውስጥ፣ ከመኖሪያ አገራችሁ ጉምሩክ የመግባቱን ማስረጃ ይዛችሁ በጽሑፍ ብታመለክቱ ልታስተካክልላችሁ ትችላለች። ምክንያቱን ማስረዳት ይኖርባችኋል፤ ለዚህም ወደ አገራችሁ ስትገቡ ዕቃውን ራሳችሁ ለጉምሩክ አስመዝግባችሁ ወረቀት መቀበል አለባችሁ። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር፤ ካፖርቱን ለብሼ፣ የሚያስመዘግቡት ነገር የሌላቸው በሚያልፉበት በአረንጓዴው መተላለፊያ በኩል ወጣሁ።